የቆቦ ልጅ የውድድር መኪና ኢንጂነር መሆን ቢፈልግስ?

"ሞተር ስፖርት ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ እኛ አገር አለ ወይ?" የምትል አጭር መልዕክት ሰሞኑን በቴሌግራም ደርሳኛለች። ላኪው የቆቦ ልጅ ነው፤ ፍሬሽማን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ሊመርጥ ተቃርቧል። አጭሩ መልስ "የለም" ነው። በዚህ ስም ዲግሪ የሚሰጥ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ የለም። ግን "የለም" ብሎ ማለፍ ለዚህ ጥያቄ አይመጥንም። ላይ ላዩን የቅንጦት ጥያቄ ይመስላል እንጂ፣ ውስጡ ሲገባ ስለ ምህንድስና ትምህርታችን፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው ፖሊሲና የራያ ቆላ ወጣት ስላመለጡት ዓመታት ነው።

"ቆቦ ተቀምጦ ፎርሙላ ዋን?" ብለው የሚስቁ አይጠፉም። ይሳቁ። ስልክ ያለው ልጅ የሚያየው የሰፈሩን ብቻ አይደለም። የሉዊስ ሃሚልተንን ቅስቀሳ ሰምቷል፤ ፎርሙላ ዋን ወደ አፍሪካ ይመለስ ሲል። መጨረሻ አህጉሩ ላይ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሩዋንዳ "እኔ ላዘጋጅ" ብላ በይፋ ጠይቃለች። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረውን ሳፋሪ ራሊ ከዓመታት መቋረጥ በኋላ በ2021 ወደ ዓለም ሻምፒዮና መልሳ ናይቫሻ ላይ አቧራውን እያስነሳችው ነው። ነገሩ እንደ ድሮው ሩቅ አይደለም ለማለት ነው።

ይልቅ ቁም ነገሩ፣ ይህ ትምህርት ሲፈታ ምንድን ነው? እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ ብሩክስ፣ ኮቨንትሪና ክራንፊልድ በዚህ ዘርፍ ይታወቃሉ። አብዛኞቹ የፎርሙላ ዋን ቡድኖች ፋብሪካ ያለውም እንግሊዝ ስለሆነ ተማሪው ከክፍል ወጥቶ ቡድኑ በር ላይ ነው። የሚማሩትን ዝርዝር ብታዩ ግን ብዙው እኛም ጋ ያለ ነው፦ ሜካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉይድ፣ የቁስ ሳይንስ፣ ኮንትሮል፣ ኤሌክትሮኒክስ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ከሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ለይቶ ማየት ይከብዳል። የሚለየው ሌላ ቦታ ነው። ልጆቹ መኪና ይሠራሉ። በቃ፣ ይሠራሉ።

ፎርሙላ ስቱደንት የሚባል የተማሪዎች ውድድር አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ በይፋ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ አውሮፓና እስያ ደርሷል፣ ከአፍሪካም የግብጽ ዩኒቨርሲቲዎች ይሳተፉበታል። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባለ አንድ መቀመጫ መኪና ራሳቸው ነድፈው፣ ራሳቸው በይደው፣ ራሳቸው ይነዱታል። በቤንዚን የሚሄድ ከሆነ ሞተሩ ከ710 ሲሲ አይበልጥም፤ አየር የሚስብበት ቀዳዳ ደግሞ በ20 ሚሊ ሜትር ይታነቃል፣ ጉልበቱ ልክ እንዲኖረው። እኔን የሚገርመኝ የነጥብ አሰጣጡ ነው። ከ1,000 ነጥብ ውስጥ 325ቱ የሚሰጠው መኪናው ቆሞ ነው። 150 ለንድፉ፣ 100 ለወጪ ስሌቱ፣ 75 ለንግድ ዕቅዱ። ዳኞቹ መኪናው ዙሪያ ቆመው "ይህን ብሎን ለምን እዚህ አደረግሽው? ለምን 8 ሚሊ፣ ለምን 6 አልሆነም?" እያሉ ያፋጥጣሉ። "መጽሐፉ ላይ እንዲህ ይላል" ብሎ መልስ እዚያ አይሠራም። ለክታችሁታል ወይ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በምህንድስና ተማሪ ብዛት አንታማም። መንግሥት ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ "70 በ30" ብሎ ከመቶ ሰባውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲያስገባ ቆይቷል። ለቆቦ ልጅ ቅርቡ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ አለው። ቀጥሎ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ራቅ ሲል በ1950ዎቹ በሶቪየቶች እገዛ በፖሊቴክኒክነት የተቋቋመው ባሕር ዳር፣ ከዚያም በራሱ መግቢያ ፈተና የሚቀበለው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ። ስም ሳይሆን ትምህርት ለሚፈልግ ልጅ በሩ አለ።

ችግሩ ከበሩ ውስጥ ነው። አምስት ዓመት ሜካኒካል ተምረው አንድ ሞተር ከላይ እስከ ታች ፈትተው ሳይገጥሙ የተመረቁ ልጆች አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። ሰላሳ ልጅ አንድ ቶርኖ ከቦ፣ ቴክኒሻኑ ሲያሳይ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ "ላብ ወሰድን" ይባላል። መምህሩን ብቻ መውቀስ ልክ አይመስለኝም። መለዋወጫ በዶላር ነው፤ ግዢው ሦስት ፊርማ ይጠብቃል፤ የተሰበረ መሣሪያ ቢኖር ተጠያቂነት ስላለ ማሽኑ ከሚነካ ቢቆለፍ ይመረጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣ። ፈተናው ለምን መጣ አልልም፤ ያለ ዕውቀት የሚታደል ዲግሪ በዝቶ ነበርና ምክንያት ነበረው። ግን ምርጫ በመክበብ የሚለካ ፈተና የመጨረሻውን ዓመት ወደ ጥናት ክፍል ይስበዋል። ብየዳ ለሚለማመድ ማን ነጥብ ይሰጠዋል? ተማሪው ሞኝ አይደለም፤ ነጥብ ወደሚሰጥበት ይሄዳል።

እዚህ በር ላይ መድረሱ ራሱ ለቆቦ ልጅ ምን እንደሚጠይቅ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ከተማዋ በሐምሌ 2013 በጦርነቱ ተያዘች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ትምህርት የለ፣ መብራት የለ፣ ባንክ የለ። ብዙ ሰው ተገደለ። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ ሲያገረሽ መጀመሪያ የነደደው እዚያው ዙሪያ ነው፤ እስከ ጥቅምት 2015 ሌላ ሁለት ወር ሄደ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። ይህን ጽሑፍ በስልኩ የሚያነብ የቆቦ ልጅ ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲም በ2014 ከባድ ዝርፊያና ውድመት የደረሰበት ነው፤ ቤተ ሙከራና ኮምፒውተር ሳይቀር።

በዚህ ላይ የ12ኛ ክፍል ፈተናን ጨምሩበት። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። በ2013 ስምንተኛ ክፍል የነበረ የቆቦ ተማሪ፣ አንድም ዓመት ካልባከነበት፣ 12ኛን የሚፈተነው በ2017 ነው። እስቲ "አንድም ዓመት ሳይባክንበት" የሚባል የቆቦ ልጅ አምጡልኝ። ስለዚህ መልዕክቱን የላከልኝ ልጅ እዚህ መድረሱን እንደ ተራ ነገር አላየውም።

ታዲያ ይህ ልጅ ከለንደን ልጅ ጋር ሲነጻጸር ባዶ እጁን ነው? እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሰው የምለየው። ቆቦ ዋናው የአዲስ አበባ–ደሴ–መቀሌ አስፋልት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ብየዳ ቤቱ ከመንገዱ ዳር ነው። እዚያ የሚሠራ ልጅ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ ይላል። እነዚህ ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው፤ ማራኔሎ ያለው የፌራሪ ሜካኒክም ክላቹን "ፍሪሲዮኔ"፣ የማርሽ ሳጥኑን "ካምቢዮ" ነው የሚለው። የቋንቋው ግማሽ አስቀድሞ ገብቷል ማለት ነው፤ በቀልድም ቢሆን።

ቀልዱን ትተን ባጃጅን እንውሰድ። ወደ 200 ሲሲ የሚጠጋ ሞተር ከኋላ፣ አንድ ጎማ ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ባጃጅ ለምን ይገለበጣል? ሹፌሩን ስትጠይቁት "ፍጥነት" ይላል። ልክ ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ጫፉ ወደ ፊት ይጠባል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ክብደቱ ከሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ስለሚያርፍ ችግር የለም። ኩርባ ሲገባ ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል። ኩርባው ላይ እያለ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ክብደቱ ወደ ውጭም ወደ ፊትም አንድ ላይ ይሄዳል፣ ማለትም ሦስት ማዕዘኑ ወደሚጠብበት። እዚያ ጎማ የለም፤ ይገለበጣል። ስለዚህ ፍሬኑ ከኩርባው በፊት እንጂ ኩርባው ውስጥ አይያዝም። ይህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ "ቬሂክል ዳይናሚክስ" ተብሎ የሚሰጠው ኮርስ የመጀመሪያ ምዕራፍ ነው። የውድድር መኪና መሐንዲስም ቀኑን ሙሉ የሚጨነቀው በዚሁ ነው፦ ክብደቱ አሁን የት ሄደ?

ሌላ ልጨምር። ከቆቦ በስተ ሰሜን፣ ከኮረም ወደ አላማጣ የሚወርደውን የግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ የሄደበት ያውቀዋል። ኮረም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ አላማጣ 1,500 ገደማ። አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁለት። ከነጭነቱ 8 ቶን የሚመዝን ኢሱዙ ያን ሲወርድ፣ ስሌቱን በስልካችሁ ሥሩት፣ 78 ሚሊዮን ጁል ገደማ ጉልበት የሆነ ቦታ መድረስ አለበት። አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ካልወረደ ያ ሁሉ ሙቀት የፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚወድቀው። ሸራው ሲግል መያዝ ያቆማል፤ ቀሪውን በዜና የምንሰማው ነው። ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቢሆን ግን ከዚያ ጉልበት የተወሰነውን ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ፎርሙላ ዋንም እ.ኤ.አ. በ2026 ደንቡን የቀየረው በዚሁ መንፈስ ነው። ከመኪናው ጉልበት ግማሽ ያህሉ ከኤሌክትሪክ እንዲመጣ ተደርጓል፤ ፍሬን ሲያዝ ጉልበት የሚሰበስበው ሞተር አቅምም ከ120 ኪሎ ዋት ወደ 350 ከፍ ብሏል። የግራ ካሕሱ ቁልቁለትና የፎርሙላ ዋን ፍሬን አንድ ዓይነት ሒሳብ ናቸው።

ሦስተኛው የቆቦ ሀብት ከመሬት በታች ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት በሆርማትና በጎሊና ዙሪያ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተሳበ ሽንኩርቱም ቲማቲሙም የሚጠጣው ከዚያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የሚሰምጠው ፓምፕ ሞተር ብዙውን ጊዜ ባለ ሦስት ፌዝ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተርም እንደዚያው ባለ ሦስት ፌዝ ነው። የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ሽቦ ፈትቶ እንደገና መጠቅለል የሚችል ባለሙያ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ልብ ከብዙ ተመራቂ በላይ ያውቃል። ማንም ግን "ኢንጂነር" አይለውም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ወቅቱ ስለሆነ ነው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዓለም ቀድሞ እንዲህ ያደረገ አገር የለም። ከዚያ ወዲህ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አገር ውስጥ እንዳለ መንግሥት ይናገራል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ተመርቋል። ሐሳቡ ገብቶኛል፤ ነዳጅ በዶላር ነው፣ መብራት የራሳችን ነው። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ቤንዚን የሚገዛ የባጃጅ ሹፌርም ይህን ለማስረዳት ፕሮፌሰር አያስፈልገውም።

ግን ማን ይጠግነዋል? ቻርጅ ማድረጊያውም ባለሙያውም የተከማቸው አዲስ አበባ ነው። ባትሪው ሲበላሽ የሚፈታው ሰው የለም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ ያልሠለጠነ ቢነካው ይገድለዋል። በዚያ ላይ የሊቲየም ባትሪ ሙቀት አይወድም። የራያ ቆላ ደግሞ በበጋ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍበት አገር ነው። እንግሊዝ ወይም ቻይና ተቀምጦ የቆቦን ፀሐይ እያሰበ የባትሪ ማቀዝቀዣ የሚነድፍ ሰው አይኖርም። የውድድር መኪና ትምህርት ዋናው ነገር ደግሞ ይኸው ነው፤ ማሽንን እስከ አቅሙ ጥግ አግሎ፣ ሳይፈነዳ እንዲመለስ ማድረግ። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ከአገሪቱ ጥያቄ ጋር ገጥሟል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። እንግሊዝ ሄዶ በውጭ ተማሪ ክፍያ ይህን መማር ለአብዛኛው ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። ሃሚልተን ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት በፎርሙላ ዋን ከሚሠራው ሰው ጥቁሩ ከመቶ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስቀምጧል። እነዚያ እዚያው ተወልደው፣ ፋብሪካው አጠገብ ያደጉ ናቸው፤ እነሱም በሩን አላገኙትም። ስለዚህ "ጎበዝ ከሆንክ ፎርሙላ ዋን ትገባለህ" የሚል የቲክቶክ ማነቃቂያ ከእኔ አትጠብቁ። የነጻ ትምህርት ዕድል ሞክሩ፣ ለማስተርስ ክራንፊልድን ማየት አይከፋም። ሕይወታችሁን ግን እሱ ላይ ብቻ አታስይዙ።

የምከራከረው ለሌላ ነገር ነው። ወልድያና ኮምቦልቻ ያሉ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ክፍሎች በየዓመቱ አንድ መኪና ለምን አይሠሩም? እሽቅድምድም አይደለም የምለው። የአንድ ባጃጅ አካል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ፣ ስምንት ተማሪ፣ አንድ ቀነ ገደብ። ከወልድያ ቆቦ ደርሶ በአንድ ቻርጅ መመለስ ይችላል ወይ? ያለቀውን ጉልበት ለክቶ ማሳየት ይችላል ወይ? የመመረቂያ ፕሮጀክት ተብሎ ከኢንተርኔት ተገልብጦ ተጠርዞ መደርደሪያ ከሚገባው ወረቀት ይህ አይሻልም? ነጥቡም እንደ ፎርሙላ ስቱደንት ይሁን፤ ሲሦው "ለምን እንዲህ ሠራችሁት?" ለሚለው ይሰጥ።

ሁለተኛው፣ ከቴክኒክና ሙያ ጋር ያለው ግንብ ነው። አውቶሞቲቭ ደረጃ አራት ጨርሶ ሲኦሲ ያለፈ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ የማያውቀውን ያውቃል። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ እሱ ያልተማረውን ሒሳብ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ጋራዥ እንዲገናኙ የሚያደርግ ደብዳቤ ለመጻፍ በጀት አይጠይቅም። እኛ ቤት ግን "ቴክኒክ ገባ" ሲባል እናት አንገቷን ትደፋለች። የፎርሙላ ዋን ቡድን ውስጥ በሁለት ሴኮንድ ጎማ የሚቀይሩት፣ ካምቢዮ የሚገጥሙት አብዛኞቹ በሙያ የሠለጠኑ ሜካኒኮች ናቸው። ያለ እነሱ የዲግሪው ባለቤት ስክሪን ላይ ቁጥር ከማየት አያልፍም።

ለጠየቀኝ ልጅ መልሴ ይህን ይመስላል። ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ሙላ፤ ሒሳብ ካልከበደህ የኤሌክትሪካሉ ጎን አሁን የበለጠ ክፍት ነው፤ ፎርሙላ ዋንም ባጃጁም ወደዚያው እየሄዱ ነው። የትምህርት ክፍሉን ሲያስተዋውቋችሁ ስለ ስሙ ሳይሆን ወርክሾፑ በሳምንት ስንት ሰዓት ለተማሪ እንደሚከፈት ጠይቅ። ክረምት ላይ ቆቦ ስትመለስ ጋራዥ ገብተህ ሥራ፤ ጋሼ የሚባለው ሜካኒክ መጀመሪያ ዘይት ያስጠርግሃል፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካምቢዮ ያስይዝሃል። ፓይተን ተማር፤ "ፋስት ኤፍ ዋን" የሚባል ነጻ መሣሪያ አለ፣ የእውነተኛ ውድድር የፍጥነት፣ የማርሽና የፍሬን መረጃ ያወርዳል፣ በጎግል ኮላብ ስልክ ላይም ይሠራል። ላፕቶፕ ስታገኝ ፍሪካድ ላይ ንድፍ ተለማመድ፤ እሱም በነጻ ነው። የፎርሙላ ስቱደንት ደንብ መጽሐፍም ፒዲኤፍ ነው፤ ከመቶ ገጽ በላይ ቢሆንም ፋይሉ ትንሽ ነው። ኔትወርክ ባለበት ቀን አውርደህ አስቀምጠው።